መብራት ሲጠፋ ይድን የነበረ ፕሮግራም

አዲስ አበባ፣ መስቀል ፍላወር በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ቢሮ ለጥቂት ዓመታት ፕሮግራም ስጽፍ ነበር። ሥራው ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞች የት እንዳሉ መከታተል ነው። የሞተረኞቹ ስልክ ያሉበትን ቦታ ይልካል፤ ቢሮው ጥግ የተቀመጠች አንዲት ኮምፒውተር ተቀብላ ትመዘግባለች፤ ደንበኛውም ዕቃው የት እንደደረሰ በእኛው አቆጣጠር፣ በእኛው ሰዓት ያያል። ፕሮግራሙ የተጻፈው በፓይተን ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ያለ እንከን ሠራ። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ ይነሣል፣ እኛም እንቀጥላለን።

ከዚያ አለቃችን የመብራቱ ነገር አንገፈገፈውና ኢንቨርተር ከሁለት ትልልቅ ባትሪ ጋር ገዛ። ኮምፒውተሯ መጥፋት አቆመች። በስምንተኛው ቀን ፕሮግራሙ ሞተ። አስነሣነው፤ ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ሞተ። ባትሪው ነው ያለ ነበር፤ ኢንቨርተሩ የሚሰጠው ኃይል ንጹሕ አይደለም ያለም ነበር። አንድ ባልደረባዬማ ጠበል እንርጭባት እስከማለት ደርሶ ነበር።

ባትሪው ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ድሮም ከእኛው ዘንድ ነበር፤ መብራት በየሦስት በየአራት ቀኑ እየጠፋ ሲያጥብልን አላወቅነውም እንጂ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ሁሌም የሚገርማቸው አንድ ነገር አለ፦ “ፓይተን ሜሞሪውን ራሱ ያጸዳ የለም እንዴ?” ያጸዳል። ታዲያ እንዴት ሞላ? ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ራም። ዲስክ መጋዘን ቢሆን፣ ራም ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሳለ ዕቃውን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። ስም፣ ቁጥር፣ ዝርዝር በፈጠራችሁ ቁጥር ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቦታ ይያዛል። በሲ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ቦታውን ራሱ ይጠይቃል፣ ሲጨርስም ራሱ ይመልሳል። መመለሱን ከረሳ ቦታው ባክኖ ይቀራል። የመለሰውን ቦታ አሁንም የእኔ ነው ብሎ ከጻፈበት ደግሞ የሌላውን ዕቃ ያበላሻል፤ ይኼኛው የባሰ ነው። ጃቫ፣ ፓይተን፣ ጎ፣ ሲ ሻርፕ፣ ጃቫስክሪፕትና ኮትሊን ግን ይህን ሸክም ከጸሐፊው ላይ አንሥተው ለአንድ ሠራተኛ ሰጥተውታል። ሠራተኛው ጋርቤጅ ኮሌክተር ይባላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ “ሰብሳቢው” እለዋለሁ።

ሰብሳቢው የትኛው ዕቃ እንደማይፈለግ በምን ያውቃል? የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ጊዜ ወስደን እንየው።

ከቢሯችን ሥር አንድ ካፌ ነበር። እዚያ የሚሠራውን አስተናጋጅ አስቡት። ትሪውን ይዞ ይዞራል፣ ብርጭቆ ያነሣል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሰው የያዘውን ብርጭቆ አይነካም። ሰውዬው ማኪያቶውን ከጨረሰ አንድ ሰዓት ሊሆነው ይችላል፤ አረፋው ብርጭቆው ላይ ደርቆ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። ሆኖም እጁ ብርጭቆው ላይ እስካለ ድረስ አስተናጋጁ አልፎ ይሄዳል። የሰውዬውን ልብ አያነብማ! የሚያየው እጁን ብቻ ነው።

ሰብሳቢውም እንደዚያ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ “እጅ” የሚባሉት አሁን በሥራ ላይ ያሉ ፈንክሽኖች የያዟቸው ስሞችና ከላይ ለሁሉም የተቀመጡት ስሞች ናቸው። እነዚህን ሥር እንበላቸው። ሰብሳቢው ከሥሩ ይነሣል። ሥሩ የያዘውን ዕቃ ምልክት ያደርግበታል፤ ያ ዕቃ የያዘውን ሌላ ዕቃም እንዲሁ፤ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ለምሳሌ “የዛሬ ትእዛዞች” የሚል ዝርዝር ከሥር ተይዟል እንበል። ዝርዝሩ አንድ ትእዛዝ ይዟል፣ ትእዛዙ ደንበኛውን ይዟል፣ ደንበኛው ፎቶውን ይዟል። አራቱም ምልክት ያገኛሉ። ዙሩ ሲያበቃ ምልክት ያላገኘ ዕቃ ካለ ማንም አልያዘውም ማለት ነው፤ ይጠረጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገልብጦ የሚረዳውን ልብ በሉ፤ ሰብሳቢው የሚፈልገው ቆሻሻውን አይደለም። የሚፈልገው በሕይወት ያለውን ነው፤ ከዚያ የተረፈው ሁሉ ቆሻሻ ይሆናል።

ይህን ዘዴ ያመጣው ጆን ማካርቲ ነው። ኤምአይቲ ሳለ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ሲሠራ አሰበውና ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1960 ወጣ፤ አዲስ አበባ የታኅሣሡን ግርግር ከማየቷ ስምንት ወር በፊት መሆኑ ነው። ማካርቲ በኋላ የጻፈው አንድ ገጠመኝ አለ፤ ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም። ሊስፕን ለኢንዱስትሪ ሰዎች ለማሳየት እንግዶች ተጠርተዋል። ውጤቱ የሚታተመው በሰኮንድ 10 ፊደል ብቻ በሚመታ የጽሕፈት መኪና ነው። ነገሩ በዝግታም ቢሆን ደህና እየሄደ ሳለ መኪናዋ በድንገት “ሰብሳቢው ተጠርቷል” የሚል መልእክት፣ ከነ ሙሉ የቁጥር ዘገባው፣ ትመታ ጀመር። በወቅቱ ሰብሳቢው አዲስ ስለነበረና ስለሚኮሩበት፣ በሠራ ቁጥር አንድ ገጽ ሙሉ ዘገባ እንዲያወጣ አድርገውት ነበር። ስለ ሰብሳቢ ለእንግዶቹ የነገራቸው ሰው የለም፤ መልእክቱ የቀረውን ጊዜ በላው፤ አሳዪውም አስረጂውም ከሣቅ የተነሣ መናገር አቃታቸው። መንሥኤው ምን ይመስላችኋል? አስቀድመው ልምምድ ሲያደርጉ የያዙት ሜሞሪ እንደተያዘ ቀርቶ ነበር፤ ከዝግጅቱ በፊት እንደ አዲስ አላስነሡትም። እንግዲህ ያኔ ኤምአይቲ ውስጥም መብራት ቢጠፋላቸው ኖሮ ይድኑ ነበር።

ፓይተን መንገዱ ትንሽ ይለያል። እያንዳንዱ ዕቃ ስንት እጅ እንደያዘው የሚቆጥር ቁጥር አብሮት አለ። አንድ ስም ሲይዘው አንድ ይጨመራል፣ ሲለቀው አንድ ይቀነሳል። ዜሮ ሲሆን እዚያው በዚያው ይጠረጋል። ይህን ሳስረዳ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች።

“ጋሼ፣ ሁለት ዕቃዎች እርስ በርስ ቢያያዙስ?”

“ጎሽ! በይ ንገሪን፣ ምን ይሆናል?”

“ሌላ ማንም ባይዛቸውም የሁለቱም ቁጥር አንድ ነው። መቼም ዜሮ አይሆንም።”

ልክ ናት። ካፌው በር ላይ “እኔ ልክፈል”፣ “በፍጹም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው” እየተባባሉ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ወዳጆችን አስቡ፤ አንዱ ካልለቀቀ ሌላው አይሄድም። ለዚህ ሲባል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው 2.0 እትሙ ላይ ቀለበት ሠርተው የተያያዙትን ብቻ እየፈለገ የሚፈታ ሁለተኛ ሰብሳቢ ጨምሯል። ስለዚህ ቀለበት ዛሬ ብዙም አያሳስባችሁ።

በመሐል አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የሰፈራችን ስም አደይ አበባን በእንግሊዝኛ መጥራት ነው፤ አደይ ደግሞ መስከረምን አሸብርቃ ጥቅምት ሳያልቅ የለችም። አብዛኛው ዕቃ በፕሮግራም ውስጥ እንደ አደይ ነው። ይፈጠራል፣ ለቅጽበት ያገለግላል፣ ያልፋል። ጥቂቱ ግን እንደ ዋርካ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ያስተዋሉት ሰዎች፣ ከእነርሱም ዴቪድ አንጋር በ1984፣ ሰብሳቢው አዲሶቹን ቶሎ ቶሎ፣ የቆዩትን አልፎ አልፎ እንዲያይ አደረጉት። ዛሬ የጃቫ ሰብሳቢዎች በዚህ ነው የሚሠሩት። ትርጉሙ ለእናንተ፦ ትንንሽ ዕቃ ፈጥሮ ቶሎ መልቀቅን አትፍሩ። የሚያስፈራው ሳያስቡት ዋርካ የሆነ አደይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ሰብሳቢው የሚጠይቀው “ይደረስበታል ወይ?” ብሎ ነው። “ይፈለጋል ወይ?” ብሎ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይችልም። ደጃፋችን የሚመጡት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች በማዳበሪያ አድርገን ከበር ያወጣነውን ይወስዳሉ። አልጋ ሥር የሸጎጥነውን የተሰበረ ቴፕ ግን ገብተው አይወስዱልንም። ከመቶ ዓመት በኋላም እንደማንነካው ቢያውቁ እንኳ! በእነዚህ ቋንቋዎች ሜሞሪ የሚሞላው በዚህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፦ የማንፈልገውን ይዘን።

እኛ ምን ይዘን ነበር? ያገኘነው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ መገመትን መተው ነው። ፕሮግራሙ የያዘውን ሜሞሪ በየደቂቃው ጽፈን በወረቀት ላይ ሣልነው። ጤነኛ ፕሮግራም ሲሣል የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ ይወጣል፣ ሰብሳቢው ሲያልፍ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ብዙ ሰው ጫፉን አይቶ ይደነግጣል። እናንተ ግን ጫፉን ተዉትና የጥርሱን ሥር እዩ። ከጽዳት በኋላ የሚያርፍበት ወለል በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ችግር የለም። የእኛ ወለል ሰኞ ከነበረበት ማክሰኞ ከፍ ይላል፤ ረቡዕ ከማክሰኞ። ወለሉ ደረጃ እየወጣ ነበር። (ማስጠንቀቂያ፦ ፓይተን የጠረገውን ቦታ ሁልጊዜ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አይመልስም፤ ለራሱ ለነገ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወጥቶ እዚያው ጸጥ ያለ መስመር በሽታ አይደለም። በሽታው የማያቋርጥ መውጣት ነው።)

ሁለተኛው እርምጃ የሜሞሪውን ፎቶ ማንሣት። ፓይተን ከ3.4 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ ትሬስማሎክ የሚባል መሣሪያ አብሮት ይመጣል። በአንድ ቅጽበት በሜሞሪ ውስጥ ያለው ዕቃ በየትኛው የኮድ መስመር ላይ እንደተፈጠረ ይመዘግባል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ፎቶ አነሣን፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ልዩነታቸውን አየን። አንዱን ፎቶ ብቻ ብታዩ ትልቁ ዕቃ ይታያችኋል፤ ትልቅ መሆን ግን ወንጀል አይደለም። የሚፈለገው ያደገው ነው። በጃቫ የምትሠሩ ደግሞ የሜሞሪውን ሙሉ ቅጂ ወደ ፋይል አውጥታችሁ “ይህን ዕቃ ማን ያዘው?” እያላችሁ ወደ ሥሩ መከተል ትችላላችሁ።

ከልዩነቱ ዝርዝር አናት ላይ የወጡት ሦስት መስመሮች ሁሉም ወደ አንድ ፋይል ጠቆሙ። ፋይሉ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ነው። የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን መቀየር ትንሽ ስሌት አለው፤ ጳጉሜን 5 ናት 6፣ ዘመን መለወጫው በ11 ነው በ12። አንዴ ያሰላሁትን ደግሜ ላለማስላት ካሽ ሠራሁ፤ የተቀየረውን ቀን ቁልፍ ሰጥቼ መዝገብ ላይ አኖረዋለሁ፣ ያው ቀን ሲመጣ ከመዝገቡ አነባለሁ። ሐሳቡ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ቁልፍ ያደረግሁት ቀኑን ብቻ አልነበረም፤ ከነሰዓቱ፣ ከነሰኮንዱ፣ ከነማይክሮሰኮንዱ ነበር። ሁለት መልእክት በአንድ ማይክሮሰኮንድ አይደርስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁልፍ አዲስ ነው፤ መዝገቡ አንድም ቀን አገልግሎ አያውቅም፤ መሙላት ብቻ።

ሒሳቡን እንሥራው። 60 ሞተረኞች፣ እያንዳንዱ ስልክ በየ6 ሰኮንዱ ይልካል፤ በሰኮንድ 10 መሆኑ ነው። ሥራው በቀን 14 ሰዓት። በቀን 504,000 አዲስ ቁልፍ። ቁልፉ፣ የተቀየረው ቀን ጽሑፍና በመዝገቡ ውስጥ የሚይዙት ቦታ ተደምሮ ወደ 300 ባይት። በቀን 150 ሜጋባይት ገደማ። ኮምፒውተሯ ያላት 2 ጊጋባይት ነው፤ ከሌላው ሥራ የተረፈው 1.1 ያህል። አካፍሉት፤ ሳምንት ይመጣላችኋል። ራሙ ሲያልቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ ከሁሉም አብልጦ የሚበላውን መርጦ ይገድላል፤ የተገደለው የእኛው ነበር። ዘገባውም በሲስተሙ መዝገብ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር፤ ጠበል ከማሰባችን በፊት ያንን ማንበብ ነበረብን።

ማስተካከያው አንድ ቃል ነበር፤ ሰዓቱን ቆርጦ ቀኑን ብቻ ቁልፍ ማድረግ። አሁን የአሥር ዓመት ቀን ቢጠራቀም 3,652 ቢሆን ነው፤ አንድ ሜጋባይት ቢሞላ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ካሹ ከነጭራሹ አያስፈልግም ነበር፤ ስሌቱ ከመደመርና ከማካፈል አያልፍም። ካሽ ስትሠሩ ሁለት ነገር ሳትወስኑ አትጀምሩ፦ ቁልፉ ምንድን ነው፣ ስንት ሲሞላ ነው አሮጌው የሚወጣው። ፓይተን ራሱ የሚሰጣችሁ ኤልአርዩ ካሽ ዝም ካላችሁት 128 ላይ ይቆማል፤ ገደቡን “የለም” ካላችሁት ግን የለም ማለት የለም ነው።

የዚህ ጥፋት ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ላንሣ። አንዱ በስልክ ላይ የሚታይ ነው። አንድ የአንድሮይድ ገጽ “ቦታው ሲቀየር ንገሩኝ” ብሎ ይመዘገባል። ተጠቃሚው ገጹን ዘግቶ ይሄዳል፤ ምዝገባው ግን አልተሰረዘም። የምዝገባው ዝርዝር ገጹን ይዞታል፣ ገጹ ደግሞ በላዩ ያሉትን ሥዕሎች ሁሉ ይዟል። ተጠቃሚው አምስት ጊዜ ገብቶ ቢወጣ አምስት ገጽ። 2 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ ላይ ይህ ወዲያው ያስታውቃል።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። በጎ ቋንቋ 40 ሜጋባይት ፋይል አንብባችሁ፣ ከውስጡ 10 አሃዝ ያለው ስልክ ቁጥር ቆርጣችሁ አስቀመጣችሁ እንበል። ቁራጩ ቅጂ አይደለም፤ በትልቁ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው። አሥሯ አሃዝ እስካለች ድረስ 40 ሜጋባይቱም አለ። ጃቫም እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ እንዲህ ነበር፤ በ7ኛው እትም ማሻሻያ 6 ላይ ቁራጩ ራሱን የቻለ ቅጂ እንዲሆን ተደረገ። በጎ ቋንቋ ግን ቁራጩን ራሳችሁ መገልበጥ አለባችሁ። ከዚህም በፊት ግን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ፋይሉን ሙሉ ለምን አነበብኩት? መስመር በመስመር ማንበብ ሲቻል ሙሉውን ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ፣ አንድ ኪሎ በርበሬ ለማስፈጨት ጆንያውን ሙሉ ወፍጮ ቤት እንደመሸከም ነው።

በአማርኛ ለምንሠራ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፋይል ላይ በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ “ሰላም” 9 ባይት ነው። በሜሞሪ ውስጥ ግን ፓይተን ከ3.3 እትሙ፣ ጃቫም ከ9ኛው እትሙ ጀምሮ ጽሑፉን አይተው ይወስናሉ። ሁሉም የላቲን ፊደል ከሆነ ለአንዱ 1 ባይት፤ አንድም የእኛ ፊደል ካለበት ለሁሉም 2 ባይት። አንድ ሺህ ፊደል ባለው የእንግሊዝኛ ማስታወሻ መጨረሻ ላይ አንዲት “።” ብትገባ ጽሑፉ ሁሉ በእጥፍ ያብጣል። በፓይተን አንድ የፈገግታ ኢሞጂ ከገባበት ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል 4 ባይት። ይህን የምለው አማርኛ አትጻፉ ለማለት አይደለም፤ የእንግሊዝኛ መለኪያ ይዛችሁ ራም አትግዙ ለማለት ነው።

እዚሁ ላይ የሚረዳ አንድ ብልሃት አለ። በእኛ መዝገብ እያንዳንዱ ትእዛዝ የክፍለ ከተማ ስም ነበረው። ከኔትወርክ የመጣ “ቂርቆስ” ሁሉ የየራሱ ቅጂ ነው፤ አራት ፊደል ብትሆንም ፓይተን ከሚጨምርበት መለያ ጋር ወደ 70 ባይት ትይዛለች። ግማሽ ሚሊዮን ትእዛዝ በሜሞሪ ካለ ለክፍለ ከተማ ስም ብቻ ከ30 ሜጋባይት በላይ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያላት ክፍለ ከተማ ግን 11 ነው። ኢንተርን የተባለውን ፈንክሽን ብትጠቀሙ፣ ግማሽ ሚሊዮኑም ትእዛዝ የሚጠቁመው ወደ እነዚያው 11 ስሞች ይሆናል።

“ጋሼ፣ ሰብሳቢውን ራሴ ብጠራውስ?” የሚል ሁሌም አይጠፋም። ጥራው። አስተናጋጁን መቶ ጊዜ ብትጠራው ብርጭቆውን ካልለቀቅህለት ምን ያደርግልሃል?

ወደ ቢሯችን ልመለስ። ችግሩን ሳናገኝ በፊት አለቃችን መፍትሔ ብሎ ያመጣው፣ ጥበቃው እሑድ ማታ ኮምፒውተሯን አጥፍቶ እንዲያበራ ማዘዝ ነበር። ሽማግሌው ሰውዬ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እየወጣ ያደርገው ነበር። ኮዱን አስተካከልን፤ ወለሉ ተኛ፤ ተጨባበጥን፤ ወደ ሌላ ሥራ ገባን። ከአራት ወር በኋላ አንድ እሑድ አምሽቼ ስሠራ በሩ ተከፈተ። ጥበቃው የእጅ ባትሪውን ይዞ ገባ፤ “እንደምን አመሸህ ልጄ” አለና ቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዶ ኮምፒውተሯን አጠፋት። ይብቃዎት ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም።